የብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ ዜና ሕይወት ስለ ምን አይረሳም

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ፥ ከኮምቦልቻም ወደ ሐርቡ ወርዶ በከሚሴ በኩል አዲስ አበባ የሚያደርሰውን ጎዳና የማያውቅ የወሎ ሰው የለም። በ1928 ዓመተ ምሕረት ሚያዝያ 18 ቀን የኢጣልያው ማርሻል ባዶሊዮ ሠራዊቱን በመኪና ጭኖ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ የነዳው በዚሁ ጎዳና ነው፤ ሚያዝያ 27 ቀንም ከተማይቱን ያዘ። ይሁን እንጂ ዛሬ የባዶሊዮን ስም የሚያነሣ ጥቂት ሲሆን፥ ሠራዊት ያልነበራቸው የወሎው ጳጳስ የአቡነ ጴጥሮስ ስም ግን በሕፃናት አፍ ሳይቀር ይጠራል። ይህ ስለ ምን እንደ ሆነ መመርመር ይገባል።

አቡነ ጴጥሮስ የሰላሌ ተወላጅ ናቸው፤ አስቀድሞም ኃይለ ማርያም ይባሉ ነበር። ተምረው መነኮሱ፥ መምህርም ሆኑ። ከፍሬምናጦስ ጀምሮ እስከዚያ ዘመን ድረስ፥ ዐሥራ ስድስት መቶ ዓመት በሚያህል ጊዜ፥ ለኢትዮጵያ ጳጳስ የሚመጣላት ከግብፅ ነበር። በ1921 ዓመተ ምሕረት ግን አራት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት፥ አብርሃም፥ ጴጥሮስ፥ ሚካኤልና ይስሐቅ፥ ኤጲስ ቆጶስነት ተቀበሉ፤ ከእነርሱም አቡነ ጴጥሮስ ለወሎ ደረሱ። የገዛ አገር ሰው ለገዛ አገሩ ሕዝብ አባት መሆኑ ለብዙ ዘመን የተጠየቀ መብት ነበርና ደስታው ታላቅ ሆነ።

ደስታው ግን አልሰነበተም። በ1928 ዓመተ ምሕረት ኅዳር 26 ቀን ደሴ በአውሮፕላን ቦምብ ተደበደበች፤ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሐኪም ቤት እንኳ አልተማረም። ሚያዝያ 7 ቀን ከተማይቱ በጠላት እጅ ወደቀች። አቡነ ጴጥሮስም በሰላሌ ከነበሩት ከደጃዝማች አበራ ካሣ አርበኞች ጋር ሆኑ። ሐምሌ 21 ቀን አርበኞች በልዩ ልዩ አቅጣጫ አዲስ አበባን ወጉ፤ ነገር ግን ወራቱ ክረምት ነበረ፥ ወንዙ ሞልቶ፥ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው መልእክት ማድረስ ቸግሮ፥ ሐሳባቸው ሳይሠምር ቀረ። ጳጳሱም በጠላት እጅ ገቡ፤ በማግሥቱ ሐምሌ 22 ቀንም በጥይት ተደብድበው ሞቱ።

የነገሩ ምሥጢር ያለው በፍርዱ ላይ ነው። ጠላት አርበኞቹን ሽፍቶች ናቸው ብለው እንዲያወግዙ ፈለገ፤ እርሳቸው እንቢ አሉ። ሕዝቡም ምድሪቱም ለጠላት እንዳይገዙ ገዝተው ሞቱ እየተባለም ሲነገር ኖሯል። አንድ መነኩሴ መግደል ለባለ መድፍ ቀላል ነው፤ እርሱ ይሻው የነበረው ግን ሞታቸውን ሳይሆን ቃላቸውን ነበር። ያን ቃል ቢያገኝ ኖሮ አርበኛው ሽፍታ፥ ወራሪው ሕጋዊ ተብሎ በጳጳስ አንደበት ይጸና ነበር። ምርጫውም እውነተኛ ምርጫ ነበር፤ ከእርሳቸው ጋር የተሾሙት አቡነ አብርሃም ለኢጣልያ መንግሥት ገብተው ኋላ ሊቀ ጳጳስ ተብለዋልና። አቡነ ሚካኤል ደግሞ በ1929 ዓመተ ምሕረት በጎሬ እንደ አቡነ ጴጥሮስ ተገደሉ። በዚያው ዓመት ግንቦት ግራዚያኒ ራሱ በላከው ቴሌግራም የደብረ ሊባኖስ 297 መነኮሳት መረሸናቸውን አስታወቀ።

በውጭው ዓለምም ስለ ሰው መብት የታገሉ ሰዎች ታሪክ እንዲሁ ኀይል አለው። በአሜሪካ ባርያ ሆኖ የተወለደው ፍሬድሪክ ዳግላስ በ1845 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የገዛ ሕይወቱን ጽፎ አሳተመ። ማርቲን ሉተር ኪንግም በ1963 በበርሚንግሃም ወኅኒ ቤት ሆኖ፥ ትዕግሥት አድርግ ላሉት ለገዛ አገሩ ካህናት መልስ ጻፈ። እነዚህ በብዕራቸው ተናገሩ። አቡነ ጴጥሮስ ግን የሕይወታቸውን መጽሐፍ ለመጻፍ ፋታ አላገኙም፤ ስለዚህ ሌሎች ተናገሩላቸው። መኰንን እንዳልካቸው «የደም ድምፅ»ን፥ ጸጋዬ ገብረ መድኅንም «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት»ን ጻፉ። ከጠላት ወገን የነበረው ጋዜጠኛ ቺሮ ፖጃሊ እንኳ ያየውን በማስታወሻው አኑሯል።

በአዲስ አበባ የቆመላቸው ሐውልት በ2005 ዓመተ ምሕረት ለባቡር ሥራ ተነሥቶ በ2008 ዓመተ ምሕረት ወደ ቦታው ተመለሰ። ድንጋይ ይነሣል፥ ይመለሳልም፤ ዜና ሕይወት ግን ሰሚው ካልኖረበት የሚመልሰው የለም። ቅኔ የሰማ ሰው ሰሙን አድንቆ ወርቁን ቢተው ምንም እንዳልሰማ ይቈጠራል። የዚህ ታሪክ ሰሙ ጥይቱና ደሙ ነው፤ ወርቁ ግን አንዲት እንቢታ ናት። እንዲህ ያለው ጥያቄ በጥይት ፊት ብቻ አይመጣም፤ በማኅተም፥ በምስክርነት፥ በፊርማም በኩል በየዘመኑ ወደ ካህኑም ወደ ሹሙም ይመጣል። የአቡነ ጴጥሮስ ታሪክ የማይረሳው መልስ ሰጥቶ ስላበቃ ሳይሆን፥ ሰሚውን ሁሉ አንተስ ምን ትላለህ ብሎ ስለሚጠይቅ ነው።