ጃሚን ዘ ብሉዝ

አጭር ፊልም፣ ጥቁርና ነጭ፣ 10 ደቂቃ ገደማ
ዳይሬክተር፦ ጆን ሚሊ
ዋርነር ብራዘርስ፣ አሜሪካ፣ እ.ኤ.አ. 1944

መጀመሪያ የሚታዩት በጥቁር መደብ ላይ የተሳሉ የሚመስሉ ክቦች ናቸው። ትንሽ ታግሠው ይመልከቱ፤ ለካ ባርኔጣ ኖሯል። ቀና ሲል ከሥሩ የሳክስፎኒስቱ የሌስተር ያንግ ፊት ብቅ ይላል።

በዘመኑ የነበሩት አብዛኞቹ የጃዝ አጫጭር ፊልሞች ባንዱን መድረክ ላይ ደርድረው፣ መሪውን ፈገግ አሰኝተው የሚያልፉ ነበሩ። አልባኒያ የተወለደው ሚሊ ግን የላይፍ መጽሔት ፎቶግራፍ አንሺ ነበርና ጌጡን ሁሉ አስወጣው። የቀረው ብርሃን፣ ጥላና የሲጋራ ጭስ ነው። ድምፁ አስቀድሞ ተቀድቶ ምስሉ በኋላ ቢቀረጽም፣ ሙዚቀኞቹ እዚያው፣ ዓይናችን እያየ፣ ዜማውን የሚፈጥሩት ይመስላል። የፊልሙ ትልቁ ውበት ይህ ነው።

ጊታሪስቱን ባርኒ ኬሰልን ፈልጉት። ከሙዚቀኞቹ መካከል ነጭ እሱ ብቻ ነበር። ጥቁርና ነጭ አብረው ሲጫወቱ ማሳየት የደቡብ ግዛቶችን ሲኒማ ቤቶች ያስቆጣል ተብሎ ስለተፈራ፣ ፊቱ እንዳይለይ ጥላ ውስጥ አስቀመጡት። ጆሮ ግን አይሸወድም፤ ጊታሩ ከሌሎቹ እኩል ጥርት ብሎ ይሰማል።

ማሪ ብራያንት ትዘፍናለች፤ ከአርቺ ሳቬጅ ጋርም ትደንሳለች። ፊልሙ ለኦስካር ታጭቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1995 ደግሞ በአሜሪካ ብሔራዊ የፊልም መዝገብ ተካቷል።