ሸክላ ሻጩ አምሃ እሸቴ

የድሮ ዘፈን ወሬ ሲነሳ ሁላችንም ተንታኝ ነን። ጥላሁንን እናነሳለን፣ ማህሙድን እናነሳለን፣ «የዛሬ ዘፋኝማ…» ብለን እናማለን። ያንን ሁሉ ዘፈን ሸክላ ላይ አስቀርፆ፣ ከመደርደሪያ አውርዶ የሸጠውን ሰውዬ የሚያነሳ ግን ብዙ አልገጠመንም። ዛሬ እስቲ ስለ እሱ እናውጋ፤ አምሃ እሸቴ ይባላል። (የአለማየሁ እሸቴ ወንድም እንዳይመስላችሁ፤ የአባት ስም ገጥሞ ነው። ደግሞም የምናወራው ገና በሃያዎቹ ስለነበረ ወጣት ስለሆነ አንቱታውን ለጊዜው አቆይተነዋል። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር አንብቡልን።)

አምሃ በ1960ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ ሐራምቤ የሚባል ሙዚቃ ቤት ነበረው። የሚሸጠው ሸክላ ከውጭ የመጣ ነው፤ የአሜሪካው፣ የሱዳኑ፣ የሕንዱ። የከተማው ወጣት ማታ ክለብ ገብቶ በራሱ ቋንቋ የተዘፈነ ዘመናዊ ሙዚቃ እየሰማ ይጨፍራል፤ በማግስቱ ሙዚቃ ቤት ሲመጣ ግን የሚገዛው የሰው አገር ዘፈን ነው። ይህንን ከባንኮኒው ጀርባ ቆሞ የሚያየው ነጋዴ፣ የውጭ ዘፈን ለማስመጣት ይህን ሁሉ ገንዘብ ከማወጣ የራሳችንን ለምን አላሳትምም ብሎ አሰበ። ሐሳቡ ይኸው ነው። የአገር ባህል ልታደግ ብሎ አልተነሳም፤ ደንበኛው ምን እንደጎደለው አየ። እኛ ይህ ሐሳቡን የሚያሳንስ አይመስለንም።

ችግሩ ሕጉ ነው። በ1948 የወጣ የንጉሠ ነገሥቱ ድንጋጌ ሸክላ የማሳተምን ሥራ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሰጥቶታል። ማኅበሩ ያሳተመው ጥቂት ሲሆን፣ ክለብ ውስጥ ወጣቱን የሚያስጨፍረውን አዲሱን ዘፈን እምብዛም አልነካውም። ማለት ሥራውን የያዘው አይሠራም፣ ሊሠራ የፈለገው ደግሞ አይፈቀድለትም (የምታውቁት ነገር መሰላችሁ?)። ዘፋኞቹና ተጫዋቾቹም ቢሆኑ አብዛኞቹ የመንግሥት ደሞዝተኞች ነበሩ። ማህሙድ ከክቡር ዘበኛ ነው፣ አለማየሁ ከፖሊስ ኦርኬስትራ ነው። አንድ የግል ሱቅ እነሱን ቀርፆ ልሽጥ ሲል የሚነካካው ብዙ ነው።

አምሃ በኋላ ሲናገር እንደተሰማው፣ ቢበዛ ይህ ነገር ለጊዜው እስር ቤት ያስገባኛል እንጂ አያስገድለኝም ብሎ አስልቶ ነበር። ስሌቱ የነጋዴ ስሌት ነው፤ የሚያተርፈው ብር ብቻ ሳይሆን የሚከስረውም ታስቦበታል። በ1969 ገባበት። የመጀመሪያው የአምሃ ሪከርድስ ሸክላ በአንድ ፊቱ የአለማየሁ እሸቴን «ትማርኪያለሽ»፣ በሌላው ፊቱ «ያ ታራ»ን ይዞ ወጣ። አገር ውስጥ ሸክላ የሚያትም ፋብሪካ ስላልነበረ የታተመው ሕንድ ነው። ከሕንድ ሲያስመጣ የኖረው ሰው አሁን የአማርኛ ዘፈን ወደ ሕንድ ላከ!

ሸክላው ተሸጠ። አምሃም አልታሰረም። ድንጋጌው መጽሐፍ ላይ ቀረና በር ተከፈተ፤ ፊሊፕስ ተከትሎ ገባ፣ ከዚያም መርካቶ ታንጎ ሙዚቃ ቤትን የያዘው አሊ ታንጎ ካይፋ ሪከርድስን አቋቋመ። ልብ በሉ፣ እሱም ባለሱቅ ነው። «ወርቃማው ዘመን» የምንለውን ነገር ቤተ መንግሥቱና ቴአትር ቤቱ ብቻ አልሠሩትም፤ እኛ እንደሚመስለን ለዛሬ እንዲደርስ ያደረጉት ባንኮኒ ላይ ተደግፈው የቆሙ ሰዎች ናቸው። ኦርኬስትራው የተጫወተው ሌሊት ጠዋት ያልቃል። ሸክላው ግን አላለቀም።

አምሃ እስከ 1975 ባሉት ስድስት ዓመታት 103 ባለሁለት ዘፈን ሸክላዎችንና ከ10 በላይ ትልልቅ ኤልፒዎችን አወጣ። ማህሙድ አህመድ፣ ግርማ በየነ፣ ሙሉቀን መለሰ፣ ሂሩት በቀለ በእሱ በኩል አልፈዋል። ሙላቱ አስታጥቄ «ኢትዮ ጃዝ» የሚለውን ስም ሽፋኑ ላይ የጻፈበት የ1974ቱ ኤልፒም የዚሁ ቤት ነው። እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ያኔ ለአማርኛ ዘፈን ገበያው ድምፃዊው ነው። ዘፋኝ የሌለበትን ኤልፒ ማን ይገዛዋል ብሎ አለማሳተም ይቻል ነበር።

ከዚያ ደርግ መጣ። ሰዓት እላፊው የሌሊቱን ሕይወት ዘጋው፤ ካሴቱም ሸክላውን እየተካ መጣ። አምሃ በ1975 ወደ አሜሪካ ሄደ፤ ዋሽንግተን ከተማ ሬስቶራንትና ክለብ ከፈተ። (ሱቁ ቢቀየርም ባለሱቅነቱ አልለቀቀውም።) ወደ አገሩ የተመለሰው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለው ፈረንሳዊ በ1997 «ኢትዮፒክስ» የተባሉትን ተከታታይ ሲዲዎች ማውጣት ሲጀምር የመጀመሪያውን ቅጽ የሞላው ከአምሃ ሸክላዎች ነው። በ2005 የጂም ጃርሙሽ ፊልም ላይ የሙላቱ «የከርሞ ሰው» ሲሰማ ዓለም «ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?» አለ። እኛም ብዙዎቻችን የሰማነው ከፈረንጅ ዞሮ ሲመጣ ነው፤ ለዚያውም ስልካችን ላይ፣ ማን እንዳሳተመው ሳይጻፍበት።

አቶ አምሃ እሸቴ (አንቱታውን መልሰናል) ሚያዝያ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. አረፉ። ያ የመጀመሪያው ሸክላ ባለቤት አለማየሁም አራት ወር ቆይቶ ነሐሴ 27 ተከተላቸው። የእሱን ለቅሶ ቀኑን ሙሉ ስንቀባበለው ዋልን። የእሳቸውን ስንቶቻችን ሰምተን ነበር?