ስለ ተፈናቀሉት የጋሞ ወገኖችና ስለ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር

የጋሞ ሰው፥ ይልቁንም የዶርዜ ተወላጅ፥ የሽመና ሙያውን ይዞ ከደጋው እየወረደ በአዲስ አበባ መኖር ከጀመረ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ከሽሮ ሜዳ ሌላ ከከተማዪቱ ዳር፥ በቡራዩና በአሸዋ ሜዳ፥ ቤት ሠርቶ ልጆች ያሳደገ ብዙ ነበረ።

በመስከረም ወር 2011 ዓ.ም. በዚያ አካባቢ ሁከት ተነሥቶ ሰዎች ተገደሉ፥ ቤቶችም ተዘረፉ። ከተጐዱትም የሚበዙት የጋሞና የሌሎች የደቡብ ሕዝቦች ተወላጆች ነበሩ። በብዙ ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ ልጁን አዝሎ በጥቂት ቀን ውስጥ ወደ አዲስ አበባ ገብቶ በትምህርት ቤቶች ተጠለለ። የሰፈሩ ሰውና ወጣቶቹ እንጀራና ውኃ፥ ልብስና ብርድ ልብስ እየያዙ ደረሱላቸው። የከተማ ሰው ሐዘን በደረሰ ጊዜ በእድሩ ድንኳን መትከልንና ብዙ ሕዝብ ማብላትን የለመደ ነውና፥ ምን እንደሚያስፈልግ የሚነግረው አልፈለገም። ነገር ግን ቤቱ የተዘረፈበት ሸማኔ የሥራ መሣሪያውንም ያጣልና፥ የዕለት እንጀራ ብቻ ወደ ኑሮው አይመልሰውም።

ወሬው አርባ ምንጭ በደረሰ ጊዜ የከተማችን ሸክም ሌላ ሆነ። የወገኖቹን ሞት የሰማ ወጣት በቍጣ ተሰብስቦ፥ በቡራዩ ነገር እጃቸው በሌለበት በዚህ በሚኖሩ የኦሮሞ ተወላጆች ንብረት ላይ ሊበቀል ተነሣ። ያን ጊዜ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ወጡና በወጣቶቹ ፊት ተንበረከኩ። በጋሞ ልማድ ሽማግሌ ሣር ይዞ ሲለምን አልፎ መሄድ ነውር ነው፤ ጎሜም ይሆናል፥ ይኸውም በተላላፊው ላይ መከራ የሚያመጣ በደል ነው። ወጣቶቹም ተመለሱ።

ይህ ሥልጣን በአንድ ቀን የተገኘ አይደለም። በዱቡሻ፥ በአደባባዩ ጉባኤ፥ የመሬትና የድንበር፥ የደምም ነገር ሲታይ ሕዝቡ ተቀምጦ ይሰማል፤ ተጣልተው የመጡትም ታርቀው ይነሣሉ። ወጣቱ የታዘዘው ከልጅነቱ ጀምሮ በዚያ ለሚያውቃቸው አባቶች ነው። ዱቡሻን እንደ አሮጌ ነገር የሚንቅ ሰው ዛሬም አይጠፋም፤ እኔ ግን በዚያ ቀን ጦር መሣሪያ የያዘ ኃይል ቢላክ ኖሮ ያን ያህል ይሰማ ነበር ብዬ አላምንም። በቀሉ ቢፈጸም ኖሮ፥ ልጁን አዝሎ የሚሸሽ ሌላ ሕዝብ ከአርባ ምንጭ ይወጣ ነበር።