የመጀመሪያ ሕክምና ዕርዳታ ትምህርት፦ ከጦር ሜዳ እስከ ገጠር ትምህርት ቤት

የመጀመሪያ ሕክምና ዕርዳታ ታሪክ ሐኪም ከሌለበት ስፍራ የሚነሣ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1859 በሰሜን ጣሊያን ከተካሄደው የሶልፌሪኖ ውጊያ በኋላ ስዊዘርላንዳዊው ሄንሪ ዱናንት ቁስለኞችን ለመርዳት ያስተባበራቸው የካስቲልዮኔ ከተማ ነዋሪዎች፣ ይልቁንም ሴቶች፣ ሕክምና የተማሩ አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1863 ለተጀመረው የቀይ መስቀል እንቅስቃሴ መነሻ የሆነውም ይኸው ገጠመኝ ነው።

ይሁን እንጂ በጎ ፈቃድ ዕውቀት ያስፈልገዋል። በእንግሊዝ አገር የቅዱስ ዮሐንስ አምቡላንስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1877 ተቋቋመ፤ በተከታዩ ዓመት የጦር ሐኪሙ ፒተር ሼፐርድ በዉልዊች ለሲቪሎች ማስተማር ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1882 ደግሞ ጀርመናዊው የቀዶ ሕክምና ሊቅ ፍሪድሪክ ፎን ኤስማርክ በኪል ከተማ ተመሳሳይ ትምህርት ከፈተ። ዘመኑ የባቡርና የማዕድን ዘመን በመሆኑ ከተማሪዎቹ መካከል ፖሊሶች፣ የባቡር ሠራተኞችና ማዕድን ቆፋሪዎች ይገኙ ነበር።

ትምህርቱ ወደ ሕፃናት ከተሸጋገረባቸው ጉልህ ምዕራፎች አንዱ የተከፈተው በኖርዌይ ነው። አሻንጉሊት ሠሪው ኦስሙንድ ላርዳል ከሰመመን ሐኪሙ ብዮርን ሊንድ ጋር በመመካከር እ.ኤ.አ. በ1960 ለመለማመጃ የሚያገለግል ሰው መሰል አሻንጉሊት አዘጋጀ፤ ከ1961 ጀምሮም የአፍ ለአፍ ትንፋሽ አሰጣጥ ለኖርዌይ ተማሪዎች ይሰጥ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ2015 የዓለም ጤና ድርጅት ተማሪዎች ከ12 ዓመት ዕድሜያቸው ጀምሮ በዓመት ለ2 ሰዓት ልብና ትንፋሽን የማስመለስ ትምህርት እንዲያገኙ የቀረበውን ሐሳብ ደገፈ።

በኢትዮጵያ የቀይ መስቀል ማኅበር የጣሊያን ወረራ በተቃረበበት ወቅት፣ በ1927 ዓ.ም.፣ ተመሠረተ። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም የመጀመሪያ ሕክምና ዕርዳታን ከፓኬጆቹ አንዱ አድርጎ ወደ ገጠር ቀበሌ ይዞት ገብቷል። ነገር ግን ከብት በሚጠበቅበት መስክ፣ ውሃ በሚቀዳበት ወንዝ ወይም ምድጃ በሚነድበት ጎጆ አደጋ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚገኘው ሌላ ሕፃን ነው። ትምህርቱ ይህን ሕፃን ካልደረሰ ከጤና ኬላው ደጃፍ አላለፈም ማለት ነው።

ታሪኩ አንድ ማስጠንቀቂያም ይዟል። ለረጅም ዘመን የመጀመሪያ ሕክምና ዕርዳታ መጻሕፍት ራሳቸው በእባብ የተነደፈን ሰው እግር በገመድ አጥብቆ ማሰርን፣ ቁስሉን በምላጭ መሰንጠቅንና መርዙን በአፍ መምጠጥን ያስተምሩ ነበር። እነዚህ ድርጊቶች ሥጋን ለመበስበስ፣ ለደም መፍሰስና ለኢንፌክሽን እንደሚያጋልጡ በመታወቁ ቀርተዋል። ዛሬ የሚመከረው የተነደፈውን ማረጋጋት፣ ቀለበትና አምባር ማውለቅ፣ የተነደፈው አካል እንዳይንቀሳቀስ መደገፍና ሰውየውን ሳያስኬዱ ተሸክሞ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ነው። ለቃጠሎም ቅቤ፣ ጭቃ ወይም የጥርስ ሳሙና መቀባት ሳይሆን ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ ማፍሰስ ይገባል።

በልጅነት የተያዘ ትምህርት፣ ትክክልም ሆነ ስሕተት፣ ዕድሜ ልክ ይዘልቃል፤ ልጁም ለወላጆቹና ለታናናሾቹ ያስተላልፈዋል። በመሆኑም ለሕፃን የሚሰጠው ትምህርት ጥቂት፣ በዘመኑ ዕውቀት የታረመና ከአቅሙ ጋር የተመጣጠነ መሆን አለበት። የመጀመሪያው ትእዛዝም ራሱን እንዲጠብቅ ነው፦ ጓደኛው ውሃ ሲወስደው ተከትሎ ዘሎ እንዳይገባ፣ ከዳር ሆኖ የእረኛ ዱላውን ወይም ገመድ እንዲዘረጋለት፣ አዋቂም እንዲጠራ። ይህንን በየዓመቱ ወደ ትምህርት ቤቱ ተመልሶ ማደስና የቆየውን ስሕተት ማረም በአቅራቢያው ያለው የጤና ባለሙያ ድርሻ ነው።