ወንፈል ጉልበት ብቻ አልነበረም

የጤፍ አረም ወቅት ነውና ስለ ፀረ አረም እንድጽፍ ጠብቃችሁ ይሆናል። እሱንም መጨረሻ ላይ እነካዋለሁ። ዛሬ ግን በብዛት የማወራው የድሮ ነገር ነው፤ አምና የገጠመኝ ነገር ከሐሳቤ አልወጣ ስላለ።

በምሠራበት ቀበሌ ያሉ አንድ ጎልማሳ አርሶ አደር ማሳቸው ዳር ብቻቸውን ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጤፋቸው ንጹሕ ነው፤ ቱ ፎር ዲ በጊዜ ረጭተዋል፣ አረጫጨቱን ያሳየኋቸውም እኔ ነኝ። ላመሰግናቸው ነበር የሄድኩት። ለካ ልጃቸው ሥራ ፍለጋ በበረሃ ወደ ዓረብ አገር ወጥቶ ድምፁ ከጠፋ ሁለት ወር አልፎታል። ለሰው ነግረው እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «ከማን ጋር አርሜ ልንገረው?» አሉኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ከማረምና ከመናገር ምን አገናኘው? አረጋውያንን እየጠየቅሁ፣ ኮሌጅ የተማርነውንም እያስታወስኩ ነው ነገሩ የተገለጠልኝ።

እኛ ደቦና ወንፈልን የተማርነው የጉልበት እጥረት መፍቻ ተደርገው ነው። ደቦ ሲሆን ባለቤቱ ጠላውንና ምግቡን አዘጋጅቶ ሰው ይጠራል፤ ወንፈል ደግሞ ብድር ነው፤ ዛሬ ለእኔ የሠራህልኝን ቀን ነገ እመልስልሃለሁ። በኦሮምያም ዳዶ የሚባለው ከዚሁ ጋር ይቀራረባል። ይህ ሁሉ ትክክል ነው፣ ግን ጎዶሎ ነው። ጤፍ ሲታረም አይታችሁ ታውቃላችሁ። ሰው ጎን ለጎን ተደርድሮ፣ ቁጢጥ ብሎ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ነው የሚያርመው። እጅ ሥራ ይዟል፣ አፍ ነፃ ነው፤ ማንም የማንንም ፊት አያይም። ቤት ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጦ «ምን ሆነሃል?» ቢሉት የማይተነፍስ ወንድ እዚያ ይናገራል። ደግሞ ነገ ተነገ ወዲያ ተራው የሌላው ማሳ ስለሆነ ወሬው አይቋረጥም፤ ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው እያደረ ይቀጥላል።

አንዲት እናት እንዳጫወቱኝ በእሳቸው ጊዜ ሐዘን ያለባትን ሴት ከመስመሩ መሃል ነበር የሚያስገቧት። ዳር ከሆነች ወደ ኋላ ትቀራለቻ! መሃል ስትሆን ግን ግራና ቀኟ ያሉት የእሷንም ፋንታ እየነካኩ ያስኬዷታል። የደቦ ዘፈን አውጪዋም የሰውን ሆድ የምታውቅ ብትሆን በዜማው መካከል የሷን ነገር ጣል ታደርግላታለች። ቤተሰቡ ሰው የሞተበት እንደሆነማ ማሳውን ጎረቤት አርሶና አጭዶ ማስገባቱ የታወቀ ነው፤ ዛሬም በብዙ ቦታ አለ።

ታዲያ አብሮ መሥራት ብቻውን ይህን አያመጣም። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ፣ በተለይ ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮ መልባና ወልባ የሚባሉት የአምራቾች ማኅበራት ሲስፋፉ ገበሬው በጋራ እንዲያርስ ተደርጎ ነበር። የድርሻው ስሌት በሥራ ነጥብ ነው። በዚያ ጊዜ ወጣት የነበሩ አንድ አባት «ሰው ነጥብ መዝጋቢውን ነበር የሚያየው፣ ጎኑ ያለውን አልነበረም» ብለውኛል። የካቲት 1982 ዓ.ም. የኢኮኖሚ ፖሊሲው ተለውጦ መበተን ሲፈቀድ አብዛኞቹ በጥቂት ወራት ውስጥ ፈረሱ። ማንም አዋጅ ያላወጣለት ወንፈል ግን ከዚያም አለፈ። ከ2000 ዓ.ም. በኋላ የመጣውን አንድ ለአምስት አደረጃጀትም አስቡት። እኔ ራሴ ስብሰባውን መርቼ ሪፖርት ጽፌያለሁ። ቃለ ጉባኤ በሚያዝበት ቦታ ማን ልቡን ይከፍታል!

እኛ ባለሙያዎችም ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለንም። የኤክስቴንሽን ሥራ በ1940ዎቹ ከዓለማያ ኮሌጅ ጋር ተጀምሮ በ1955 ዓ.ም. ወደ ግብርና ሚኒስቴር ሲዛወር ሠራተኞቹ ጥቂት ነበሩ፤ አንዱ ሰፊ አገር ይዞ በእግሩና በበቅሎ የሚዞር ነው። ማታ ከማን ጋር እንደሚያወራ እንጃ። በ1990ዎቹ የግብርና ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ሲከፈቱ ነው በአንድ ቀበሌ የሰብል፣ የእንስሳትና የተፈጥሮ ሀብት ተብለን ሦስት ሦስት መመደብ የመጣው። ዓላማው ሙያ ማዳረስ ነበር። እኔ ግን በመጀመሪያው ዓመት ሥራውን ጥዬ ያልሄድኩት በዚህ ምክንያት ነው። እናቴ ታማ፣ ፈቃድም ተከልክዬ ምግብ አልወርድ ያለኝ ሰሞን የእንስሳት ባለሙያው ጓደኛዬ ምንም ሳይጠይቀኝ ሩቁን ጎጥ አብሮኝ ይሄድ ጀመር። የሱ ሥራ እዚያ አልነበረም። በሦስተኛው ቀን መንገድ ላይ ራሴው ነገርኩት። እሱም ጎን ለጎን እየሄደ እንጂ ፊቴን እያየ አልነበረም።

አሁን ወደ ፀረ አረሙ። መድኃኒቱን ተዉት አልልም፤ ጉልበት ውድ ነው፣ የሚማር ልጅም ለአረም አይቅር። ግን ቱ ፎር ዲ የሚገድለው ሰፋፊ ቅጠል ያላቸውን አረሞች ነው። ሙጃንና ሌሎች የሣር አረሞችን አይነካም፤ እነሱ በእጅ መነቀል አለባቸው። ነፋስ ባለበት ሰዓትም አትርጩ፤ ወደ ጎረቤት ባቄላ፣ አተርና ሽምብራ ከሄደ ያቃጥላል፣ ያጣላልም።

የእኚያ አርሶ አደር ልጅ እስከ ዛሬ አልደወለም። ሰውየው ዘንድሮም ረጭተዋል። ለሙጃው ግን ከአራት ጎረቤቶቻቸው ጋር ወንፈል ይዘዋል፤ የሳቸው ተራ ሐሙስ ነው። እኔም እገባለሁ ብያለሁ፤ አረሜን አይተው እናቶች እንደሚስቁብኝ ባውቅም።