ስለ ግንድ ቤት የውጭ ገጽ አጠባበቅ፤ የኪዢ ደሴት ምሳሌ

በሰሜን ሩስያ፣ አባቶቻችን መስኮብ ይሉት በነበረው አገር፣ በኦኔጋ ሐይቅ ውስጥ ኪዢ የምትባል ደሴት አለች። በዚያ በ1714 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) በደብረ ታቦር በዓል ስም የታነጸው ቤተ ክርስቲያን 22 ጉልላትና 37 ሜትር ከፍታ ያለው ሆኖ፣ ግድግዳው ከጥድ ግንድ ብቻ የተሠራ ነው። ያለ አንድ ምስማር ቆመ የሚለው ወሬ ስለ ግድግዳው እውነት ነው፤ የጉልላቱ የእንጨት ክዳን ግን በምስማር የተመታ ነው። በ1951 ዓ.ም. ደግሞ ኦሼቭኔቭ የተባለ የገበሬ ቤተሰብ በ1876 ዓ.ም. ያሠራው መኖሪያ ቤት ፈርሶ ወደዚህች ደሴት መጥቶ እንደገና ተተከለ። ይህ ቤት ሰውና ከብት፣ ድርቆሽና ዕቃ በአንድ ጣራ ሥር የሚያድሩበት ነው።

የእኛ አገር የጭቃ ቤት እንጨቱ ቀጥ ብሎ ይተከልና ጭቃና ጭድ ይለብሳል፤ ምርጊቱ ሲረግፍ እንደገና ይመረጋል እንጂ እንጨቱ ለዝናብ አይሰጥም። የሩስያው ግንድ ግን ተጋድሞ ይደራረባል፤ በማዕዘኑ እርስ በርሱ ተቈርጦ ይነካከሳል፤ በመካከሉም በእርጥብ ቦታ የሚበቅለው ለስላሳ የድንጋይ ሽበት ብርድ እንዳይገባ ይጠቀጠቃል። እንግዲህ ገጹ ራቁቱን ነው። ውሃ በጎኑ ቶሎ አይሰርገውም፤ በጫፉና በፀሐይ በተሰነጠቀው በኩል ግን ይጠጣዋል፤ ብስባሱም ከዚያ ይጀምራል። በምሳር የተቈረጠ ጫፍ ጭረቱ ስለሚጠቀጠቅ በመጋዝ ከተቈረጠው ይልቅ ውሃን ይከላከላል የሚሉት አናጢዎች ናቸው። የግንድ ጫፍ ወደ ውጭ የወጣበት ሥራ በእኛም ዘንድ አለ፤ በ1948 ዓ.ም. በዴሪክ ማቲውስ መሪነት የታደሰው የደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን «የዝንጀሮ ራስ» ይህንኑ ጠባይ ያሳያል።

በ19ኛው መቶ ዓመት የኪዢው ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ በሳንቃ ተሸፈነ፣ ጉልላቶቹም ብረት ለበሱ። ያን ያደረጉት ሰዎች የዘመናቸውን መልክ ፈልገው ሊሆን ይችላል፤ ይሁን እንጂ ሳንቃው ዝናብንና ፀሐይን ከግንዱ ላይ አራቀ። በ1950ዎቹ ዓመታት አሌክሳንድር ኦፖሎቭኒኮቭ የተባለው የእድሳት ሊቅ፣ ሳንቃው የኋላ ዘመን ጭማሪ ነው፣ የጥንቱን ውበት ሰውሮታል ብሎ አስነቀለው፤ ብረቱም ወርዶ በእንጨት ክዳን ተተካ። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ገጽ ይህ ነው። ክርክሩም ከዚህ ተነሣ። አንዳንዶች ሳንቃ እርጥበትን አፍኖ ይይዛል ይላሉ፤ ሌሎች ለብዙ ዓመታት የተሸፈነውን ግንድ ድንገት ለአየር መስጠት ጉዳቱን አፋጠነ ይላሉ። በእኔ አስተያየት ሁለተኛው ወገን የተሻለ ምክንያት አለው፤ አየር የሚተላለፍበት ሳንቃ ሲያረጅ የሚለወጠው ሳንቃው ነው፣ ራቁት ግንድ ሲያረጅ ግን የሚጠፋው ራሱ ቅርሱ ነው። በ1964 ዓ.ም. የወጣው የቬኒስ ቻርተርም በአንድ ሕንፃ ላይ የየዘመኑ ሰዎች የጨመሩት ተገቢ ሥራ እንዲከበር አዝዟል፤ ሳንቃው ግን አስቀድሞ ተነቅሎ ነበር።

ሕንፃው ከጊዜ በኋላ ስለ ተጣመመ በ1980ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ በውስጡ የብረት ምሰሶና ማገር ቆመለት። በ1990 ዓ.ም. ቦታው በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ። በኋላም በሰባት ዙር ተከፍሎ ታደሰ፤ የላዩ ክፍል በመሣሪያ ተንጠልጥሎ ሳለ የታችኛው ዙር ይፈታል፣ እያንዳንዱ ግንድ በደሴቲቱ በሚገኝ የሥራ ቤት ይመረመራል፣ የበሰበሰው ብቻ ተፈልፍሎ አዲስ እንጨት ይገጠምለታል፣ ፈጽሞ የማይረባው ይለወጣል፤ ከዚያ ወደ ቦታው ይመለሳል። ሥራው በ2020 ዓ.ም. ሲፈጸም ሳንቃው አልተመለሰም።