ስለ ተደፈሩ ሴቶች ርዳታ፤ በየካና በእንጦጦ አካባቢ የተደረገ የታሪክ ጥናት

የካ የሚባለው አገር ከአዲስ አበባ መካከል ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሲሄዱ የሚገኝ ነው። በላዩ የእንጦጦ ተራራ ይዞታል፤ በታቹ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ሾላ፣ መገናኛና ኮተቤ የሚባሉት ሰፈሮች ተዘርግተዋል። በኰረብታውም ላይ ከአለት የተፈለፈለው የዋሻ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን አለ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከመቆርቆሯ አስቀድሞ የዳግማዊ ምኒልክ መናገሻ እንጦጦ ላይ ስለ ነበረ፣ ስለ አካባቢው ነገሥታትና አብያተ ክርስቲያናት ብዙ ተጽፏል። እኔ በዚህ ጽሑፍ የምመለከተው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም በዚህ ተራራና በግርጌው አንዲት ሴት በኃይል ብትደፈር ዱሮ ማን ይደርስላት እንደ ነበረና ዛሬስ ማን እንደሚደርስላት ነው። ነገሩ በአደባባይ የማይነገር በመሆኑ የተጻፈለት ጥቂት ነው፤ ቢሆንም ልማዱና ሕጉ ጐን ለጐን ሲቀመጡ ታሪኩ ይታያል።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ ጥቂት ልናገር። በአማርኛ ደፋር የሚባለው ጀግናም ነው፣ ባለጌም ነው። ድፍረት የወታደር ምስጋና ሲሆን፣ በሴት ላይ የሚፈጸመውም ግፍ ስሙ ይኸው ድፍረት ነው። ደግሞ ድንበር ተደፈረ፣ ቤት ተደፈረ፣ ሕግ ተደፈረ እንላለን። የሚደፈረው ነገር ሁሉ ባለቤት ያለው፣ የታጠረ ነገር ነው። ስለዚህ ሴት ተደፈረች ሲባል የጥንቱ ሰው ከሁሉ በፊት የሰማው የአባቷ ወይም የባሏ አጥር መጣሱን ይመስለኛል። ይህን ልብ ብለን ካልያዝን ከዚህ በታች የሚመጣው የካሣና የእርቅ ነገር በደንብ አይገባንም።

በቀድሞው ልማድ ለተበደለ ሰው የመጀመሪያው ርዳታ ጩኸት ነበር። ኡኡታ የሰማ ጎረቤት ዱላውን ይዞ መውጣት ነበረበት፤ ዝም ብሎ መቀመጥ ነውር ነው። የተበደለው ሰው «በሕግ አምላክ» ወይም «በምኒልክ አምላክ» ብሎ በዳዩን ሲያቆም፣ በመንገድ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ዳኛ ሆኖ እንዲሰማ ይገደድ ነበር። በዳዩ ያልታወቀ እንደ ሆነ ደግሞ የአገሩ ሰው ባንድነት ተሰብስቦ በአውጫጭኝ፣ ማለት በአፈርሳታ፣ ይመረመራል። ይህን ሥርዓት አንዳንድ ሰው ኋላ ቀር ነው ብሎ ያልፈዋል፤ እኔ ግን አንድ መልካም ነገር አይበታለሁ። የሰፈሩ ሰው በሙሉ የነገሩ ባለ ዕዳ ስለ ሆነ፣ ሴቲቱ ብቻዋን ወደ ሩቅ ደጅ ሄዳ እንድትለምን አይተዋትም ነበር።

ጉድለቱ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ካልጮኸች ፈቅዳለች መባሉ ነው። በዚህ ነገር የኦሪት መጽሐፍ ከብዙ ዳኞች ይልቅ አስተዋይ ሆኖ አገኘዋለሁ፤ በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 በከተማ ውስጥ የሆነውና በሜዳ የሆነው ነገር ለየብቻው ተመልክቷል። በሜዳ የተገኘችው ልጃገረድ ጮኻ የሚያድናት አልነበረም ተብሎ ይታመንላታል፤ ምስክር አምጪ አትባልም። ሁለተኛው ጉድለት ካሣው የሚሄድበት ደጅ ነው። ያው ምዕራፍ ወረድ ብሎ፣ ያልታጨች ልጃገረድን የደፈረ ሰው ለአባቷ አምሳ ሰቅል ብር ከፍሎ እንዲያገባት ያዛል። የእኛም አገር ልማድ ይህንኑ መንገድ ተከትሏል። ጠለፋ ሲፈጸም ሽማግሌ ይላካል፤ ሽማግሌውም ደም እንዳይፋሰስ ብሎ የሁለቱን ቤተ ዘመድ ያስታርቃል፤ ከብት ወይም ገንዘብ ይሰጣል፤ ልጅቱም ከጠለፋት ሰው ጋር ትቀራለች። ሁለቱ ወገኖች በሰላም ይገባሉ። የሷን ሰላም የጠየቀ የለም።

ይህ ልማድ ወደ ዘመናዊው ሕግ እንዴት እንደ ገባ መመልከት ይገባል። በስዊሱ ሊቅ በዣን ግራቨን አርቃቂነት ተዘጋጅቶ በ1949 ዓ.ም. የታወጀውና በሚያዝያ 1950 ዓ.ም. የጸናው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ በአንቀጽ 589 ሴትን አስገድዶ የደፈረ ሰው እስከ 10 ዓመት፣ ነገሩ ከባድ ሲሆን እስከ 15 ዓመት ጽኑ እሥራት እንዲቀጣ አዘዘ። ነገር ግን በአንቀጽ 599፣ ተበዳይዋ በፈቃዷ በዳዩን ያገባች እንደ ሆነና ጋብቻው ካልፈረሰ፣ ክስ አይቀርብበትም አለ። ስለ ጠለፋም በአንቀጽ 558 እንደዚሁ። በፈቃዷ የሚለው ቃል በወረቀት ላይ መልካም ነው፤ ሽማግሌዎች ከቤቷ ደጅ ተቀምጠው፣ አባቷ አንገቱን ደፍቶ፣ ወደ ፊት የሚያገባት እንደሌለ እየተነገራት የምትሰጠው ቃል ግን ምን ያህል ፈቃድ እንደሚሆን አንባቢው ይፍረድ።

ከሦስት ዓመት በኋላ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ በቁጥር 2114፣ በዳዩ በወንጀል ከተፈረደበት በኋላ ለተደፈረችው ሴት ተገቢ ካሣ እንዲሰጥ ፈቀደ። ይህ በእውነት እርምጃ ነው፤ ካሣው መጀመሪያ የሷ ሆኗልና። ዳሩ ግን ለባሏ ወይም ለቤተ ሰቦቿም ካሣ ሊሰጥ ይችላል የሚል ቃል ተጨምሮበታል፤ የድሮው አጥር እዚህም ቆሟል። መጠኑንም በሚመለከት ሕጉ በቁጥር 2116 ለኅሊና ጉዳት የሚሰጠው ካሣ ከ1000 የኢትዮጵያ ብር እንዳይበልጥ ወሰነ። በ1952 ዓ.ም. 1000 ብር የሚናቅ ገንዘብ አልነበረም። ብሩ እየረከሰ ሲሄድ ግን ቁጥሩ ሳይነካ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ቆየ፤ እንዲህ ሆኖ ካሣው መሳለቂያ መሰለ።

አሁን ወደ ተራራው ልመለስ። የእንጦጦ ጥድና ወይራ ለከተማው ቤት መሥሪያና ማገዶ ተቆርጦ ባለቀ ጊዜ፣ በምኒልክ ዘመን ባሕር ዛፍ ከውጭ አገር መጥቶ ተተከለ፤ ጫካውም የከተማይቱ ማገዶ ቤት ሆነ። በ1967 ዓ.ም. መሬት ለመንግሥት ሲሆን ጫካውም የመንግሥት ሆነ፤ ዘበኞችም ቆሙለት። ከዚህ ወዲያ ቅጠልና ጭራሮ ለቅማ የምትሸጠው ድኻ ሴት ከሕግ ውጭ የቆመች ለቃሚ ሆነች። ከፈረንሳይ፣ ከኮተቤና ከሽሮ ሜዳ በሌሊት ተነሥታ ዳገቱን ትወጣለች፤ ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ የሚበልጥ፣ አንዳንዴም ከራሷ ክብደት የሚስተካከል ሸክም አዝላ ጐንበስ ብላ ትወርዳለች።

ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስለነዚህ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ያስጠናው ጥናት በ1991 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። ስለ ሴቶቹ የተጻፉት ጽሑፎች ከሚዘረዝሩት መከራ ውስጥ የወገብ ሕመም፣ መውደቅ፣ በዘበኛ መመታትና እንጨት መቀማት፣ እንደዚሁም በጫካ ውስጥ መደፈር ይገኛሉ። እዚህ ላይ የሕጉና የልማዱ ችግር ሁሉ ባንድ ስፍራ ተገናኝቷል። ሴቲቱ ብትጮኽ የሚሰማት የለም። ብትከስ «እዚያ ምን ልትሠሪ ሄድሽ?» ይሏታል፤ መልሷም በራሷ ላይ የሚመሰክር ነው። በዳዩ የጫካው ጠባቂ የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ አቤት የምትልበት ሰውና የምትከሰው ሰው አንድ ይሆኑባታል። በማግሥቱም ልጆቿ ስለሚበሉት ነገር ያንኑ መንገድ መውጣት አለባት።

ከዚያ ጥናት በኋላ በሽሮ ሜዳ አካባቢ የቀድሞ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ማኅበር ተቋቁሞ፣ ሴቶቹ ሸማና የአንገት ልብስ እየሠሩ ይሸጡ ጀመር። ብዙ ሰው ይህን የድኽነት ማቃለያ ሥራ ብቻ አድርጎ ያየዋል። በእኔ አስተያየት ግን ለተደፈረች ሴት ከተሰጡት ርዳታዎች ሁሉ ይህ አንዱ ዋነኛ ነው፤ ወደ ተበደለችበት ስፍራ ለእንጀራ ብላ እንዳትመለስ አድርጓልና።

የሕጉ መለወጥ የመጣው በሴቶች ክርክር ነው። በ1995 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ተቋቋመ፤ ከመሥራቾቹም አንዷ ኋላ በ2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሆኑት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ናቸው። በ1996 እ.ኤ.አ. በአርሲ አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠልፋ ተደፈረች፤ ለማምለጥ ስትሞክርም ጠላፊዋን በጠመንጃ ገደለችው። ማኅበሩ ቆሞላት ፍርድ ቤቱ ራሷን ስትከላከል ነው ብሎ በነጻ አሰናበታት። የሽማግሌዎች ፍርድ ግን ሌላ ነበር፤ ከአገሯ እንድትርቅና ወላጆቿ ካሣ እንዲከፍሉ ወሰኑ። ይህን ታሪክ ይዞ በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው የዘረሰናይ ብርሃኔ መሐሪ ፊልም ስሙ «ድፍረት» ነው፤ በላይ ስለ ቃሉ የተናገርሁት ሁለቱም ትርጉም በዚህ ስም ውስጥ አለ። ፊልሙ በአዲስ አበባ ሊታይ በተዘጋጀበት ምሽት በፍርድ ቤት እግድ ቆመ፤ ነገሩም ለጊዜው ብዙ አነጋገረ። ከዚህ የምንማረው ቁም ነገር አለ። የተደፈረች ሴትን መከራ ለሕዝብ ማሳወቅ መልካም ቢሆንም፣ ታሪኩ የሷ ነውና ፈቃዷ መቅደም አለበት።

በግንቦት 1997 ዓ.ም. የጸናው አዲሱ የወንጀል ሕግ ጋብቻ ጠላፊን ከቅጣት አያድነውም ብሎ በአንቀጽ 587 ደነገገ፤ ለመድፈርም በአንቀጽ 620 ከ5 እስከ 15 ዓመት ቅጣት ወሰነ። ከጋብቻ ውጭ የሚለውን ቃል ግን ከ1949ኙ ሕግ ወርሶ አስቀርቷል፤ ባሏ ያስገደዳት ሴት በዚህ አንቀጽ አትጠለልም። ከሁሉ የሚያስደንቀኝ አንቀጽ 552 ነው። ሴቲቱ በመደፈር ያረገዘች እንደ ሆነ ጽንሱን ለማስወረድ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም፤ የተደፈርሁ ነኝ ማለቷ ብቻ ይበቃል። በአገራችን የሕግ ታሪክ የሴቲቱ ቃል ያለ ጩኸትና ያለ ምስክር እንዲታመን የተደረገበት ሌላ ስፍራ እስካሁን አላገኘሁም፤ ወደ ኋላ ቢፈለግ የሚገኘው ያው የኦሪቱ ሜዳ ነው።

ዛሬ የኡኡታውን ስፍራ የያዘው ሐኪም ቤት ነው። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ የእርግዝና መከላከያውም ቶሎ ሲወሰድ ይሻላል፤ ገላና ልብስ ሳይታጠብ ቢመረመር ለማስረጃ ይረዳል። ቀድሞ ግን ሴቲቱ ከፖሊስ ወደ ሐኪም፣ ከሐኪም ወደ ዐቃቤ ሕግ እየተመላለሰች ያንኑ ነገር በየደጁ ለማያውቃት ሰው ትናገር ነበር። ይህን ለማስቀረት ሐኪሙ፣ ፖሊሱ፣ ዐቃቤ ሕጉና የኅሊና ምክር ሰጪዋ ባንድ ጣራ ሥር የሚገኙበት ማዕከል በ2012 እ.ኤ.አ. በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ተከፈተ፤ ኋላም በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ተመሳሳይ ማዕከል ተቋቋመ። ይህ ሁለተኛው ለየካ ሰው ቅርብ ነው። ሆስፒታሉ በዐድዋ ጦርነት ማግሥት ቁስለኛ ለማከም የመጣው የሩሲያ ቀይ መስቀል የሠራበትን ስፍራ የወረሰ ነው፤ ስለዚህ ቁስለኛ መቀበል ለዚያ ግቢ አዲስ ነገር አይደለም።

ከሐኪም ቤት በኋላ የት ትሂድ? በዳዩ የቤት ሰው ወይም ጎረቤት ሲሆን ይህ ጥያቄ ከፍርዱ ይከብዳል። በ2003 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር ለእንዲህ ያሉ ሴቶችና ልጆቻቸው መጠለያ ከፍቶ ምግብ፣ ሕክምና፣ የሕግ ምክርና የእጅ ሥራ ትምህርት ሰጥቷል። እንዲህ ያለው ሥራ በገንዘብ የሚቆም በመሆኑ ሕግ ሲጠብብ ይናጋል፤ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ማኅበራት አዋጅ ስለ ሰብአዊ መብት የሚሠሩ ማኅበሮች ከውጭ አገር ከ10 በመቶ በላይ ገቢ እንዳያገኙ በከለከለ ጊዜ የሴት የሕግ ባለሙያዎቹ ማኅበር ነጻ የሕግ ርዳታ እጅግ ቀነሰ። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. ተሽሮ በሌላ ተተካ። ከዚያ ወዲያ በመጣው በሰሜኑ ጦርነት ዘመን በትግራይም፣ በአማራም፣ በአፋርም ብዙ ሴቶች በተደፈሩ ጊዜ፣ በየቦታው ጤና ጣቢያው ተዘርፎ ስለ ነበረ የ72 ሰዓቱ ሕክምና ሳይደርስላቸው ቀርቷል።

በየካ ሰፈሮች ዘንድ እስካሁን ያልተነካ አንድ ኃይል አለ፤ እሱም እድር ነው። እድር ለቀብር ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቅላል፣ ሐዘንተኛውን ብቻውን አይተወውም። ተደፍራ በሕይወት ለተረፈች ሴት ግን በእድር ደንብ ውስጥ ተራ የላትም። ይህ የማይለወጥ ነገር አይደለም፤ የኤድስ በሽታ በጠናበት ዘመን በአዲስ አበባ አንዳንድ እድሮች ደንባቸውን አሻሽለው፣ ሳይሞት ለታመመው አባል ቤት ለቤት ማስታመምና ለቀሩት ልጆች መርዳት ጀምረው ነበር። ለተደፈረችውም ሴት ከእድሩ ሣጥን ወደ ምኒልክ ሆስፒታል የሚያደርስ የታክሲ ሒሳብ፣ ከሴት አባላት መካከል ሌሊትም ቢሆን አብራት የምትሄድ አንዲት ሰው፣ እንጨት ተሸካሚ ከሆነች ደግሞ ጫካ ሳትወጣ የምትሰነብትበት የሁለት ሳምንት ቀለብ ቢመደብላት፣ በጀቱ ከአንድ ድንኳን ኪራይ ብዙም የሚርቅ አይመስለኝም።